የረቡዕ ሊጥ

ሊጥ እኔን አያታልለኝም እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ስለሆነ ብኩራራም አይፈረድብኝም። አዴት ተወልጄ፣ ገና ጺሜ ሳያቀነቅን ፍኖተ ሰላም መጥቼ፣ ዋናው መንገድ ዳር ካለች ዳቦ ቤት ገብቼ ማቡካት ጀመርኩ። አሁን ጺሜ ሸብቶ ዳቦ ቤቷም የእኔው ሆናለች። ዱቄቱ ከእርጥብ ስንዴ የተፈጨ እንደሆነ በጣቶቼ መሀል ሳሸው አውቃለሁ። እርሾው ያደረ ይሁን የሰነበተ በአፍንጫዬ እለያለሁ። ሠራተኛ ጨው ረስቶ እንደሆነ ሊጡ ሲሳብ አይቼ፣ ሳልቀምሰው እሰድበዋለሁ። ይህን ሁሉ የምደረድረው ለጉራ አይደለም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ በገዛ እጁ ያቦካው ሊጥ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ አንድ በጋ ሙሉ መክረሙን ስነግራችሁ እንድትስቁ ነው። እኔ ራሴ ለመሳቅ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ጓደኛዬ ባለ ወፍጮ ነበር። የቡሬ ገጠር ልጅ ነው። ወፍጮ ቤቱ ከዳቦ ቤቴ ጀርባ፣ የጋሪ ፈረሶች ከሚያርፉበት ሜዳ ማዶ ነበረች። እኔ ለከተማው ባዳ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ ለማንም ባዳ መሆን የማይችልበት ሰው ነው። ጋሪ ነጂው፣ ቄሱ፣ የቢሮ ጸሐፊዋ ሁሉም ዘመዶቹ ናቸው። ታምሜ ስወድቅ ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ነው። ሳገባ ሚዜዬ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና ስትነሳ ድግሱ ላይ ከእኔ በላይ ጉድ ጉድ ያለው እሱ ነው። ወንድም የለኝም ብዬ አላውቅም፤ እሱ ነበራ!

ጠዋት ጠዋት በዳቦ ቤቴ የኋላ በር ይገባል። ሰላም ሳይል ወደ ምድጃው ይሄድና ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ትኩስ ዳቦ ያነሳል። አንዱን ቆሞ፣ ሁለተኛውን የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ ለእሱ እንደ ሌላው ቀን ናቸው። እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማልቀምስ ጾመኛ ነኝ፤ ትኩስ ዳቦ እየሸተተኝ መጾም ደግሞ ከሁሉም ጾም የባሰ ነው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!» እለዋለሁ።

«ወፍጮ ጾም አያውቅም» ይለኛል አፉ ሞልቶ። «ካልጎረሰ አይፈጭም።»

እስቃለሁ። አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ያበሉትን መቁጠር በእኛ አገር ነውር ነው። እናቴ «እጅህ የሰጠውን አፍህ እንዳያወጣው» ብላ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ፤ የእሱንም ዳቦ ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ዓሣውን ያመጣው እሱ ነው። ዓሣ ማጥመዱን ማለቴ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ በባጃጅ ጥቂት ተጉዘው፣ ወርደው በበቆሎ ማሳዎች መሀል ሲሄዱ፣ ገበሬዎች ለመስኖ የሠሯት ትንሽ ግድብ አለች። ከዓመታት በፊት የግብርና ሰዎች ጫጩት ዓሣ በበርሜል አምጥተው ጨመሩባት። ካርፕ ይባላል ብለው ነበር፤ አገሬው ግን «የመንግሥት ዓሣ» አለው። መንግሥት ስላመጣው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወፍራም ስለሆነና ሲፈልጉት ስለማይገኝም ጭምር ነው። ታች ለታች ጭቃ ሲምስ ይውላል። ትል ብታቀርብለት አሽትቶት ይሄዳል። ጓደኛዬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዞኝ ሄደ፤ ክሩንና መንጠቆውን ሰጥቶ ከውሃው ዳር አስቀመጠኝ። ሙሉ ቀን ምንም አልያዝንም። እኔ ግን ከዚያች እሑድ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ግድቧን የሚያስተዳድሩት «የውሃ አባት» የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ውሃው መቼ ለማን ማሳ እንደሚለቀቅ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው፤ ቦዩን ሲዘጉበት የሚከራከራቸው ገበሬ ግን አላየሁም። አንድ ፌስታል ዳቦ ይዘን ፈቃድ ልንጠይቃቸው ሄድን።

«መንጠቆ ይሁን» አሉን። «መረብ አይሁን። ብርብራ ግን ከቶም እንዳላይ። ይኸን ውሃ እኛም እንጠጣዋለን፣ ከብታችንም ይጠጣዋል።»

ብርብራ ዛፍ ነው። ዘሩን ወቅጠው ውሃ ላይ ሲበትኑት ዓሣውን ያሰክረዋል፤ ትልቁም ጫጩቱም ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ይንሳፈፋል፣ ሰው በእጁ ይለቅመዋል። ድሮ በየወንዙ ይሠራበት ነበር ይባላል። ዛፉን አዴትም አውቀዋለሁ፤ ፍሬው በበጋ ደርቆ ሲፈነዳ ሰምቻለሁ። የተወቀጠውን ግን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

«አባቴ፣ እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ» አልኳቸው። «የማጠምደው በሊጥ ነው። ከሊጥ ሌላ በእጄ የሚነካ ነገር የለም።»

«በሊጥማ ከሆነ ደግ» አሉ። ዳቦውን ተቀብለው ባረኩን። ከዚያ በኋላ ስንሄድ ሚስታቸው እንግዳ አላደረጉንም፤ ለአውዳመት ጠሩን፣ እኔም ጠራኋቸው። ባዳው ሰው ገጠር ዘመድ አገኘሁ። ከዓሣው የበለጠ ይህ ደስ ይለኝ ነበር ብል አልዋሸሁም።

የመጀመሪያው ሊጤ መሳቂያ አደረገኝ። ያቦካሁት እንደ ልማዴ ነዋ! እርሾ ጨምሬ፣ ሸፍኜ፣ ኩፍ እስኪል ጠብቄ ወሰድኩት። ቆንጥሬ መንጠቆው ላይ አድቦልቡዬ ወረወርኩ። ካርፕ የሚበላው ከታች ከጭቃው ነው፤ የእኔ ሊጥ ደግሞ እርሾው ነፍቶት ወደ ላይ መጣና እንደ ቡሽ ተንሳፈፈ። ጓደኛዬ ሣሩ ላይ ተንከባለለ።

«ዓሣው እኮ ክንፍ የለውም አንተየ!»

እርሾውን ተውኩት። ሁለተኛው ሊጥ ውሃ ሲነካው ሟሟ። ሦስተኛው እንደ ድንጋይ ጠነከረ። የሊጥ ነገር ሲሆን እልኸኛ ነኝ፤ ሚስቴ «ከልጆችህ ይልቅ ለዓሣ ታበስላለህ» እስክትለኝ ድረስ ማታ ማታ ጓዳ ገብቼ ሞከርኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት ይህ ነው፦ የበቆሎ ዱቄት በፈላ ውሃ እንደ ገንፎ ይገነፋል፣ ጠንከር ተደርጎ። ዘይቱ ተጨምቆ የወጣለት የኑግ ፋጉሎ ይታመስና ተደቁሶ ይገባበታል። ቆዳው የጠቆረ፣ ሰው የማይበላው ሙዝ ይፈጭበታል። የማር ሰፈፍ ከተገኘ ትንሽ ጣል ይደረግበታል። ከዚያ በስንዴ ዱቄት እየታሸ የጆሮ ጫፍ ያህል እስኪለሰልስ ይቦካል። ልኩን የማውቀው በጸሎት ነበር። ድቡልቡሏን ባሊ ውሃ ውስጥ እጥልና «አባታችን ሆይ» እደግማለሁ፤ ሰባት ጊዜ ደግሜ ሳትፈርስ ከቆየች ሊጡ ደርሷል ማለት ነው። ጓደኛዬ «ዓሣውን በጸሎት ነው የምትገድለው» ይለኝ ነበር።

በዚህ ሊጥ ያዝን። ብዙ አልያዝንም፤ እሑድ አንድ፣ ሲቀና ሁለት። መጀመሪያ ድቡልቡሉን እንዲሁ ወደ ውሃው እንበትናለን፤ ዓሣው ቦታውን እንዲለምድ። ከዚያ በመንጠቆ እንጠብቃለን። ካርፕ ሲያዝ ይታገላል፤ ክሩ ጣቴን እየቆረጠኝ፣ ከወዲያ ወዲህ እየጎተተኝ፣ እንደ ልጅ እጮህ ነበር። የሕይወቴ ጥሩ እሑዶች እነዚያ ናቸው። ይህን ስጽፍ እንኳ ደስታው ይመጣብኛል፤ ወዲያው ደግሞ እናደዳለሁ። ደስታዬንም ነው የወሰደብኝ።

በበጋው መጀመሪያ ዓሣው እምቢ አለን። ሦስት እሑድ ባዶ እጃችንን ተመለስን። አራተኛው ሳምንት ላይ ጓደኛዬ በቆርቆሮ ጣሳ ሙሉ ዱቄት ይዞልኝ መጣ።

«ቅመም ነው» አለኝ። «አብሽ አለበት፣ ኮረሪማ አለበት፣ ሌላም ሌላም። ሚስቴ ናት የወቀጠችው። የሚበተነው ሊጥ ውስጥ ጨምርበት፤ ዓሣ ሽታ ይወዳል።»

ጣሳውን ከፍቼ ሳሸት አነጠሰኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እንባዬ እስኪመጣ አነጠሰኝ።

«ይማርህ!» አለኝ እየሳቀ። «ጥሩ ቅመም ያስነጥሳል።»

ዕድሜዬን ሙሉ አፍንጫዬን አምኜ የኖርኩ ሰው፣ አፍንጫዬ እየጮኸ ሲነግረኝ አልሰማሁትም። የነገረኝ እሱ ስለሆነ ነው። ሌላ ሰው ያን ጣሳ ቢያመጣልኝ ኖሮ «ምንድን ነው ይኼ?» ብዬ እጠይቅ፣ እደፋውም ነበር።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ዓሣው ተለወጠ። በጥልቁ መዋሉን ትቶ ወደ ላይ ይመጣ ጀመር። አፉን እየከፈተ ዳር ዳሩን ይዞራል፤ መንጠቆዬን ሲውጥም አይታገልም። ዝም ብሎ ይጎተታል። አምስት፣ ስድስት እንይዝ ጀመር። እኔ ሞኙ ሊጤ ጣፍጦት ነው አልኩ። «እስኪሰክር ድረስ ወደደው!» ብዬ በገዛ አፌ ተናግሬያለሁ፤ ጓደኛዬም አብሮኝ ስቋል።  ዳቦ ቤት ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ስለ ሊጤ አወራ ነበር። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር «የእኔን ዓሣ ያየ አይከራከርም» እል ነበር። የማላውቀው፣ እሑድ ማታ ተለያይተን ቤታችን ከገባን በኋላ ሰኞ ማለዳ ብቻውን ተመልሶ ይሄድ እንደነበር ነው። ሌሊቱን የተንሳፈፈውን በጆንያ ለቅሞ ለሆቴል ያስረክባል። ሰኞ ሰኞ ዳቦውን ሊበላ ሲመጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነበር። ጤዛ ነው ይለኛል፤ አምነዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን የውሃ አባት ዳቦ ቤቴ መጡ። አህያቸውን ውጭ አስረው፣ ገብተው ጥግ ተቀመጡ። ሻይ ሳቀርብላቸው እንኳ ዓይናቸውን ከእጄ አልነቀሉም። እያቦካሁ ነበር።

«ውሃችን ታሟል ልጀ» አሉኝ።

«ምነው አባቴ?»

«ቦዩ ውስጥ ጫጩት ዓሣ ሞቶ ይወርድልናል። ሴቶቹ መቅዳት ፈርተዋል። ትናንት ደግሞ አንድ ጥጃ አስቀመጠው።» ሻያቸውን ጠጡ። «ያ ጓደኛህ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

ደሜ ፈላ። ሊጡን ጥዬ ቆምኩ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ሚስቴም ሠራተኞቼም ያውቁታል። «አባቴ፣ እኔን ቢጠረጥሩኝ ይሻለኛል» አልኳቸው። «እሱ ወንድሜ ነው። ከአፉ ውሸት ሰምቼ አላውቅም። ለእሱ ዋስ እሆናለሁ!»

«ዋስ ትሆናለህ?»

«በነፍሴ!»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «የፊታችን ሚካኤል ረቡዕ ይውላል» አሉ። «በዓል ስለሆነ ሰው እርሻ አይወጣም። ግድቡ ላይ አውጫጭኝ እንቀመጣለን። እናንተም ኑ።» አውጫጭኝ የድሮ ነገር ነው፤ ጥፋት ሲደርስ አገሬው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ያየውንና የሰማውን እየተናገረ፣ ጥፋተኛው እስኪገኝ ሳይነሳ የሚውልበት። ቀርቷል ሲባል ነው የማውቀው። ሽማግሌው ግን የቀረ ነገር እንደሚናገሩ ሰው አይመስሉም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ለሸንጎው የማሳየው ሊጥ ላቦካ ተነሳሁ። ሊጤን ይዤ ሄጄ ለሰው ሁሉ አሳያለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ጓደኛዬ እንደ ልማዱ በኋላ በር ገባ። ከምድጃው ሁለት ዳቦ አነሳ። አንዱን ቆሞ እየበላ እኔን ያየኛል። ጣሳውን አንስቼ ቅመሙን ልጨምር ስል እጁን ዘረጋ።

«ዛሬስ ቅመሙን ተወው» አለኝ። «ሊጡን ብቻ ብታሳያቸው አይበቃም?»

«ምን በወጣኝ!» አልኩት። «የምንበትነውን እንዳለ ይዩት እንጂ። የምንደብቀው አለ እንዴ?»

 ጆንያው ላይ ተቀመጠና ሁለተኛውን ዳቦ በላ። አነጠሰኝ፤ «ይማርህ» ያለኝ አልነበረም። ያኔ አላስተዋልኩትም።

ግድቡ ላይ አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ደረስን። ወንዶቹ በጎርፍ መከላከያው ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ራቅ ብለው። የውሃ አባት ቆመው ጸሎት አደረጉና ሰው በየተራ ተናገረ። አንዱ ዓሣ ሞቶ ያየበትን ቦታ ተናገረ፤ ሌላው ሰኞ ማለዳ ጆንያ የተሸከመ ሰው ከሩቅ ማየቱን፣ ፊቱን ግን አለመለየቱን። አንድ ጎልማሳ ተነሳና «እነዚህ ከተሜዎች ሳይመጡ በፊት ውሃችን ታሞ አያውቅም» አለ።

አላስጨረስኩትም። ሊጡን ከነሳህኑ ይዤ መሀላቸው ቆምኩ። «ይኸው ሊጤ!» አልኩ። «የበቆሎ ዱቄት ነው! ፋጉሎ ነው! ሙዝ ነው! የምንበትነው ይኸው ነው፤ መርዝ ከሆነ እኔን ይግደለኝ!» ብዬ አንድ እፍኝ ቆርሼ ጎረስኩ።

ጾመኛ መሆኔ ትዝ ያለኝ ከጎረስኩ በኋላ ነው። ገና ረፋድ ነበር። ምን ይደረግ፤ ለወንድሜ ነው ብዬ አኘክሁት።

መጀመሪያ ሙዙ ጣፈጠኝ። ቀጥሎ መረረኝ። ቀጥሎ ምላሴ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጥርስ ሲነቀል መርፌ እንደተወጋ። አብሽ እንዲህ አያደርግም። ኮረሪማ እንዲህ አያደርግም። ዞር ብዬ ጓደኛዬን አየሁት። ዓይኑን ከውሃው ላይ አላነሳም። ያኔ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አወቅሁት፤ ማስነጠሴን፣ የማይታገለውን ዓሣ፣ እርጥቡን ሱሪ፣ ጠዋት «ቅመሙን ተወው» ያለኝን። መርዝ እየጎረስኩ ሳለ አያየኝም። አንድ ቃል፣ «ትፋው» የምትል አንዲት ቃል ይበቃኝ ነበር። ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ይከዳ እንደሁ አላውቅም፤ እኔን ግን የከዳኝ ይህ ዝምታው ነው።

መትፋት እችል ነበር። ብተፋው ግን የምተፋው ዋስነቴን ነው፤ ለውሃ አባት በነፍሴ ብያለሁ። ደግሞም ገና አላመንኩም፤ ልቤ ማምለጫ እየፈለገለት ነበር፤ ምናልባት አያውቅ ይሆናል፣ ምናልባት እሱንም አታለውት ይሆናል እያልኩ። ዋጥኩት።

የውሃ አባት ፊቴን እያዩ ነበር። ቀስ ብለው መጥተው ከሳህኑ ጥቂት ቆነጠሩ፣ መዳፋቸው ላይ አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሦስት ጊዜ አነጠሱ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል «ይማርዎ» ያለ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ በሙሉ ያን የብርብራ ማስነጠስ ያውቁት ነበር።

ሳህኑን ይዘው ወደ ጓደኛዬ ሄዱ።

«አንተም ቅመስ እንጅ ልጀ» አሉት።

ብድግ አለ። ነጠላውን አስተካከለ። «ዛሬ ረቡዕ አይደል አባቴ» አለ። «ጾመኛ ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ከንፈሬ ላይ ገና ሊጥ አለ። ከዚያ ወደ እሱ ተመለሱ።

«እሱስ ጾመኛ አልነበረም?» አሉት።

ያን ጊዜ ሆዴ ተገለበጠ። የሽማግሌው ሚስት ከሴቶቹ መሀል ሮጠው ወተት በቅል አመጡልኝ። ረቡዕ ነው ልል እጄን ሳነሳ «ዝም ብለህ ጠጣ ልጀ፣ ለመድኃኒት ነው፤ እግዜር ያውቃል» ብለው ቅሉን አፌ ላይ ደፉት። ጠጣሁ። ከድንጋዩ ጀርባ ሄጄ ወተቱንም ሊጡንም መለስኩት።  ስመለስ ጓደኛዬ ቆሞ ይናገራል፤ ደህና አድርጎ ይናገራል። ቅመሙን ከቡሬ ገበያ እንደገዛው፣ ምን እንደተቀላቀለበት እንደማያውቅ፣ እሱም እንደኔው እንደተታለለ። ያልቀመሰውም ፈርቶ ሳይሆን ጾሙን ላለመግደፍ መሆኑን። ለእኔ ግን «ሚስቴ ወቀጠችው» ነበር ያለኝ።

የሰው ፊት ሲላላ አየሁ። በሚካኤል ቀን፣ በረቡዕ ጾም ምክንያት አልቀምስም ያለን ሰው ማን ይወቅሰዋል? አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። ጾመኛ ከሆነ ምናልባት እውነቱን ነው። ጾመኛ ካልሆነ ግን እምቢ ያለው ሊጡ ውስጥ ያለውን ስለሚያውቅ ነው። የውሃ አባትም ይህችው ነገር ገብታቸው ነበር።

«ዋሱ አንተ ነህ» አሉኝ። «ዋስ የሚያውቀውን ይናገራል። ይኸ ሰው ጾመኛ ነው?»

ጓደኛዬ አየኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቹን አገኘኋቸው። ፍርሃት አልነበረባቸውም። እንደማልናገር እርግጠኛ ነበር። ስንት ዓመት ስበላ አንድ ቀን ያልቆጠረብኝ ሰው ዛሬ አይቆጥርብኝም ብሎ፣ ጨዋነቴን ተማምኖ ነበር የቆመው። ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። መርዙን በሊጤ ደበቀው፤ ራሱን ደግሞ በእናቴ ምክር ውስጥ ሊደብቅ ነው። የእነዚህ ሰዎች ውሃ፣ ያ ጥጃ፣ በነፍሴ ያልኩት ቃል በአንድ በኩል ሆነ። በሌላው በኩል ሁለት ዳቦ።

«ዛሬ ጠዋት ሁለት ዳቦ በልቷል» አልኩ። ምላሴ ደንዝዞ ስለነበር ቃሉ ተኮላተፈብኝ። «ከእኔ እጅ።»

 ጓደኛዬ ቀስ ብሎ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ አናዘዙት፤ አመነ። ብርብራውን የወቀጠው ራሱ ነበር፣ ሚስቱ አታውቅም። ቦዩን ሁሉ ከጭቃው ጋር እንዲጠርግ፣ ዳግመኛ ወደ ግድቡ እንዳይደርስ በመስቀል አስማሉት። ለእኔም የውሃ አባት ትከሻዬን ይዘው ነገሩኝ። «አንተን አልጠላንህም ልጀ» አሉ። «ግን ሊጡ ያንተ ነው። ውሃው እስኪድን አንተም አትምጣ።» እውነታቸውን ነው። ሊጡ የእኔ ነበር፤ ሰባት ጊዜ «አባታችን ሆይ» የደገምኩበት። ከዚያ ወዲህ ለአውዳመት የጠራኝ የለም። እኔም ለመጥራት አፍሬ ቀረሁ።

እህሌን ሌላ ወፍጮ ማስፈጨት ጀመርኩ። የኋላውን በር ዘጋሁት። ከጋሪዎቹ ማዶ የወፍጮው ሞተር ሲነሳ ድምፁን እሰማለሁ፤ ሰው ነኝና እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን መጥቶ «በደልኩህ» ይለኛል እያልኩ ምን እንደምመልስለት አጠና ነበር። አንዳንድ ቀን እሰድበዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዝም ብዬ ዳቦ አነሳለታለሁ።

ከብዙ ወር በኋላ ዋናው መንገድ ላይ፣ የጋሪ ፈረሶቹ አጠገብ ፊት ለፊት ተገናኘን። ከሳ ብሏል። ማለፍ ሲችል ቆመ። መጣልኝ አልኩ።

«ዳቦ ቆጠርክብኝ» አለኝ።

ምን እንዳለኝ አልገባኝም።

«ሰው ፊት፣ አገር ተሰብስቦ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የበላሁትን ቆጠርክብኝ። ካንተ ይኸን አልጠብቅም ነበር። በሽማግሌ ፊት እንደ ውሻ አደረግኸኝ። ሚስቴ እንኳ ሰምታ ቀና ብላ መሄድ አቅቷታል።»

«አንተ እኮ መርዝ ስጎርስ ዝም አልከኝ!» አልኩት።

«አትሞትም ነበር» አለ። «ትንሽ ናት። እኔ ልኩን አውቃለሁ።»

የምሩን ነበር የሚያወራው፤ ከልቡ ተከዳሁ ብሏል። መርዙን ረስቶታል፣ ዳቦውን ግን አልረሳም። ስድቡን ሁሉ አጥንቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። እናቴ ብቻ ትዝ አለችኝ፤ ፊቴ በእፍረት ሲግል ተሰማኝ።

«ይቅርታ» አልኩት።

እንባውን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። «እግዜር ይቅር ይበልህ» ብሎኝ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ።